ምሳሌውና ባለቤቱ

ሰው በቀጥታ ሊመረምረው የማይችለውን ነገር በምሳሌ ይመረምራል። መምህር ምድርን ወደ ክፍሉ ሊያገባት ስለማይችል በጠረጴዛው ላይ ሉል ያቆማል፤ ሹምም የብዙ ሰዎችን ኑሮ በየቤታቸው ገብቶ ሊያይ ስለማይችል ከመዝገብ ያነባል። ሉሉ ምድር፣ መዝገቡም ሰው አለመሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ ዳሩ ግን ሥራው ሲበዛብን እንዘነጋዋለን። እንግዲህ በምሳሌ የሚሠራ ሰው ለምሳሌውና ምሳሌው ለቆመለት ሰው ምን ግዴታ አለበት?

ይህ ጥያቄ በትልቁ አንጀት ነቀርሳ ምርመራ ላይ ጎልቶ ይታያል። የሰውነታችን ጠባቂዎች የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት ነቀርሳውን እንዴት እንደሚወጉና ስለ ምን እንደሚሸነፉ ለማወቅ የሚሹ ሊቃውንት፣ በሕመምተኛው ላይ እንዳሻቸው ሊፈትኑ አይገባቸውም። ስለዚህ በእርሱ ፈንታ ምሳሌ ያቆማሉ።

አንደኛው ምሳሌ አይጥ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የአንጀት እባጭን በዘር የሚወርስ የአይጥ ወገን ማግኘታቸውን ገለጡ። በ1992ም ጉድለቱ ያለው ኤ.ፒ.ሲ. በሚባለው ጂን ላይ እንደ ሆነ ታወቀ፤ የዚህ ጂን ጉድለት በሰውም ዘንድ ብዙውን የትልቁ አንጀት ነቀርሳ የሚያስጀምር ነው። ዝምድናው ያስደንቃል፤ ሆኖም የአይጡ እባጭ የሚበዛው በቀጭኑ አንጀት ነው። ደግሞም ከሕመምተኛ የተወሰደ ነቀርሳ በአይጥ ገላ ላይ እንዲያድግ ሲፈለግ፣ ባዕድ ነው ብሎ እንዳይጥለው የመከላከል ኃይል የሌለው አይጥ ይመረጣል። ወታደር በሌለበት አገር ግን ጦርነትን ማጥናት አይቻልም።

ሁለተኛው ምሳሌ ኦርጋኖይድ ይባላል። በ2009 በኔዘርላንድስ፣ በኡትሬክት ከተማ፣ ቶሺሮ ሳቶ፣ ሃንስ ክሌቨርስና ባልደረቦቻቸው ሌሎችን ሕዋሳት ከሚያስገኝ ከአንድ የአይጥ አንጀት ሕዋስ ተነሥተው ጥቃቅን አንጀት መሰል አካላትን በሳሕን አሳደጉ፤ በ2011ም ከሰው ነቀርሳ ይህንኑ አደረጉ። በ2018 የአምስተርዳም ሊቃውንት የሕመምተኛውን ኦርጋኖይድ ከራሱ ደም ከተገኙ ሕዋሳት ጋር አኑረው፣ ከአንዳንዶቹ ሕመምተኞች ነቀርሳውን ለይተው የሚገድሉ ሕዋሳት አገኙ። ነገር ግን በሳሕኑ ውስጥ ደም አይዘዋወርም፤ በአንጀት የሚኖሩት ልዩ ልዩ ተሕዋስያንም በዚያ የሉም።

አንዳንዶች አይጥም ሕመም ይሰማዋልና ሥራው ይቅር ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ሰው ክቡር ነውና የአይጥ ነገር አይታሰብ ይላሉ። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። ምሳሌውን ፈጽሞ የሚከለክል ሰው ያልተፈተነውን መድኃኒት በሕመምተኛው ላይ ይጥላል፤ ምንም የማያስብ ሰውም ያለ ጥቅም ያሠቃያል። ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች በ1959 ባወጡት መጽሐፍ ሦስት ሥርዐት አመልክተዋል፤ ይኸውም እንስሳውን በሌላ ነገር መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስና ሥቃዩን ማቃለል ነው።

ነገር ግን ግዴታው በእንስሳው አያበቃም። በሳሕን ውስጥ የሚያድገው ነቀርሳ የአንድ ሰው ሥጋ ነበር። በ1951 በባልቲሞር ከሄንሪየታ ላክስ የማኅፀን በር ነቀርሳ የተወሰዱት ሕዋሳት እርስዋ ሳትፈቅድ በየአገሩ ላቦራቶሪ ተባዝተዋል፤ ከዚህ የምንማረው ሰጪው አስቀድሞ እንዲጠየቅ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ገና ለሚመጣው ሕመምተኛ እውነቱን መናገር ነው። የመከላከያ ሕዋሳትን ልጓም የሚፈታው ፔምብሮሊዙማብ የተባለው መድኃኒት በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደው የዘሩን ስሕተት ማረም ለተሳነው ነቀርሳ ነው፤ የአንጀት ነቀርሳቸው ወደ ሌላ አካል ከተዛመተባቸው ሰዎች እንዲህ ያለው የሚገኝባቸው ከመቶ አምስት ያህል ናቸው። የቀሩት «አይጡ ዳነ» የሚል ወሬ ሰምተው ቤታቸውን ቢሸጡ፣ ጥፋቱ የአይጡ አይደለም፤ ምሳሌው የጎደለውን ሳይናገር ተስፋን የነዛው ሰው ነው።

ስለዚህ ምሳሌን መጠቀም ዕዳ ያለበት ፈቃድ ነው እንላለን። ዕዳውም የሚከፈለው ለፍጥረቱ በመራራት፣ ሰጪውን በማስፈቀድና የጎደለውን ሳይሸሽጉ በመጻፍ ነው። እኛም ላቦራቶሪ ባይኖረን መዝገብ አለን፤ በወረቀቱ ላይ ስንፈርም ከወረቀቱ ውጭ የቀረውን ሰው እናስበው።