አናኪን ባይከዳ ኖሮ

የ«ስታር ዋርስ» ወዳጆች ደጋግመው የሚመኙት አንድ ታሪክ አለ፤ የጄዳይ ተዋጊው አናኪን ስካይወከር ወደ ጨለማው ጎራ አይዞርም፣ ዳርዝ ቬደር የሚባል ሰው አይኖርም፣ ሚስቱ ፓድሜ በሕይወት ትተርፋለች፣ መንትዮቹ ሉክና ሌያ በወላጆቻቸው እቅፍ ያድጋሉ። ምኞቱ ቅን ነው። ሆኖም እንዲህ ያለው ታሪክ አናኪንን ከጥፋቱ ሲያወጣው ምርጫውንም አብሮ የሚነጥቀው ይመስለኛል። አንድ ሰው ክፋትን እንቢ አለ የምንለው፣ እንቢ በማለቱ አጣዋለሁ ብሎ የሚፈራው ነገር ከፊቱ ሳይወገድለት ነው።

ፈላስፋው ዴቪድ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ፣ «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» የሚለውን ንግግር የምንመዝነው የተባለው ነገር ከሆነባቸው ዓለማት መካከል ከእውነተኛው ዓለም ጋር እጅግ የሚቀራረቡትን በማሰብ ነው ይላል። ከተባለው ለውጥ በቀር ሌላው በተቻለ መጠን ሳይነካ ይቆያል። የአናኪን መክዳት በሚታይበት የጆርጅ ሉካስ የ2005 ፊልም ውስጥ እሱ የማይከዳበት ዓለም በጣም ቅርብ ነው። የሪፐብሊኩ ቻንስለር ፓልፓቲን የሲት፣ ማለትም የጨለማው ጎራ፣ ጌታ መሆኑን ለጄዳዩ አለቃ ለሜስ ዊንዱ የነገረው ራሱ አናኪን ነው። ዊንዱ በጄዳዮች ምክር ቤት አዳራሽ እንዲጠብቅ አዘዘው፤ እዚያው ቢቆይ ይበቃ ነበር። ወደ ፓልፓቲን ቢሮ ከሄደ በኋላ እንኳ ፓልፓቲን ለፍርድ ይቅረብ ማለቱ ትክክል ነበር። በፊልሙ መጀመሪያ እጆቹ የተቆረጡትን ጠላቱን ካውንት ዱኩን በፓልፓቲን ትእዛዝ ሲገድል፣ ድርጊቱ የጄዳይ ሥራ እንዳልሆነ በአንደበቱ ተናግሯልና ሕጉን አሳምሮ ያውቃል። ያጠፋው አለማወቅ ሳይሆን ፍርሃት ነው። ሚስቱ በወሊድ ስትሞት በሕልሙ አይቷል፤ ፓልፓቲን ደግሞ ሞትን ማስቀረት ይቻላል ብሎታል።

ታዲያ ያልከዳውን አናኪን የሚጽፍ ሰው ይህን ፍርሃት ምን ያደርገዋል? ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል፤ ሕልሙ ውሸት ይሆናል፣ ወይም ሐኪም ይደርስላታል። ያኔ አናኪን እንቢ የሚለው ነገር አይኖርም። ፍርሃቱ ደግሞ በዚያ ቢሮ አልተወለደም። ጄዳዮች በዘጠኝ ዓመቱ ሲወስዱት እናቱን በባርነት ትተዋታል፤ ኋላም እናቱ ታስከን በሚባል ጎሳ ሰፈር እቅፉ ውስጥ ስትሞት ወንዱንም ሴቱንም ሕፃኑንም ፈጀ። አናኪን ስለ ሚስቱ ሕልም ሲያማክረው የጄዳዮቹ ሽማግሌ ዮዳ የሰጠው ምላሽም ማጣት የምትፈራውን ሁሉ መልቀቅ ተማር የሚል ነው፤ እንደዚያ ላለ ሰው እጅግ ቀዝቃዛ ምክር ነው። የጄዳዮች ጥፋት እውነተኛ ነው፤ የአናኪንን ምርጫ ግን እነሱ አልመረጡለትም።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። በፊልሙ ፓድሜን የገደላት የእሱ መክዳት ነው፤ አካሏ ጤነኛ ሆኖ የመኖር ፍላጎቷ እንደጠፋ ሐኪሙ ሮቦት ይናገራል። ስለዚህ ባይከዳ ትተርፍ ነበር፣ ደስተኛው ፍጻሜም ከነገሩ አካሄድ በቀጥታ የሚወጣ ነው። ይህን እቀበላለሁ። ግን ይህን የምናውቀው መጨረሻውን ያየን እኛ ነን። በዚያ ቢሮ በር ላይ የቆመው አናኪን የሚያውቀው ቀደም ሲል ስለ እናቱ ያየው ሕልም መድረሱን ነው። ሰው የሚመዘነው በጊዜው በሚያውቀው ከሆነ፣ ደራሲው ፓድሜን በመጨረሻ ሊያተርፋት ይችላል፤ አናኪን ግን አጣታለሁ ብሎ እያመነ እንቢ ማለት አለበት። ሪፐብሊኩም ላይተርፍ ይችላል፤ ክሎን ወታደሮቹን ጄዳዮችን የሚያስፈጃቸው ትእዛዝ ቀድሞ ተዘጋጅቶላቸዋል።

ከሰው አቅም በላይ ጠየቅህ የሚለኝ ቢኖር፣ የ1983ቱ ፊልም መልስ አለው። ቬደር ልጁን ሊያድን ንጉሠ ነገሥት የሆነውን ፓልፓቲንን አንሥቶ ጣለ። ያን ጊዜም የገፋው እንደ ቀድሞው ለሚወደው ሰው መሳሳቱ ነበር። ለፓድሜ ብሎ ባደረገው ግን ዋጋውን የከፈሉት በጄዳይ ቤተ መቅደስ የፈጃቸው ሕፃናት ናቸው፤ ለሉክ ባደረገው የከፈለው እሱ ራሱ ነው፣ በሕይወቱ።