በእሳትና በውኃ መካከል



በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 የታመመ ልጁን ወደ ጌታ ያመጣውን አባት ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጁ በድንገት ይወድቃል፤ አረፋ ይደፍቃል፤ ጥርሱን ያፋጫል። አባቱ ጭንቀቱን ሲዘረዝር ልጁ ብዙ ጊዜ በእሳትና በውኃ ውስጥ እንደሚወድቅ ይናገራል። እኛ የወላይታ ልጆች ይህን ለመረዳት ተርጓሚ አያሻንም። በገጠሩ ቤታችን ምድጃው ወለል ላይ ነው፤ ውኃውም ከምንጭና ከወንዝ ይቀዳል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፊቱ ወይም እጁ ተቃጥሎ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያ ምዕራፍ ስለ ርኩስ መንፈስ መጻፉን አንዘነጋም። ነገር ግን ማቴዎስ 4፥24 አጋንንት ያደረባቸውንና በጨረቃ የሚነሣባቸውን ለየብቻ ይቈጥራል። እንግዲህ የወደቀውን ሁሉ ጋኔን አለበት ማለት ከመጽሐፉ ጋር እንኳ አይስማማም። የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው፤ የአንጎል የኤሌክትሪክ ምልክት ለጥቂት ጊዜ ሲዛባ ሰውየው ይወድቃል። በምራቅም ሆነ በመንካት አይተላለፍም። ጌታም ልጁን እጁን ይዞ ነው ያስነሣው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባደረጉት ጥናት፣ ከ1000 ሰው 5 ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለባቸው አገኙ። ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት ግን እጅግ ጥቂት ነበሩ። አንድ ሺህ ሰው ማለት በእሑድ ጉባኤያችን የምናየው ዓይነት ሕዝብ ነው። ታዲያ እነዚያ አምስቱ የት ተቀምጠዋል? ብዙዎቹ ቤት ተዘግቶባቸው ይሆናል ብለን እንሠጋለን።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ተመርምረው ከታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሕመሙ ሳይነሣባቸው ሊኖሩ ይችላሉ። እንደ ፌኖባርቢታል ያለው ክኒን ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ መወሰድ አለበት፤ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ስለሆነም ጸበል የሚጠጣም ሆነ የሚጸለይለት ወንድም ክኒኑን እንዲጥል መምከር እምነት አይደለም። እንቅልፍ ማጣትም ሕመሙን ይቀሰቅሳልና በአዳር ጸሎታችን እርሱ ቀድሞ ቢተኛ ማንም አይታዘበው። ምድጃውን በጭቃ ከፍ አድርጎ መከለል፣ ወንዝ ብቻውን አለመስደድ፣ ዛፍ አለማስወጣት ደግሞ የእኛ የጉልበት ሥራ ነው።

በፊታችን ከወደቀ እሳትና ስለት እናርቅ፤ ከራሱ ሥር ልብስ እናድርግ፤ መንቀጥቀጡን በኃይል አንያዝ። ክብሪት አናሽትተው፤ በአፉም ማንኪያም ሆነ ሌላ ነገር አንክተት። መንቀጥቀጡ ጋብ ሲል በጎኑ እናስተኛው። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ፈጥነን ወደ ሐኪም ቤት እንውሰደው። ሲነቃ ግራ ይጋባል፤ የት እንዳለ ቀስ ብለን እንንገረው። ልብሱ ረጥቦ ሊሆን ይችላልና ነጠላ ጣል እናድርግለት፤ የከበበውንም ሰው ወደየመቀመጫው እንመልስ።