ከመንፈሱ ይልቅ ምኞቱ
አስፈሪ ታሪክ ማዳመጥ ለሕሊና የሚሰጠው ጥቅም አለን? በእንግሊዝ አገር በልደት በዓል ሰሞን ተሰብስቦ የሙታን መንፈስ ታሪክ መስማት የቆየ ልማድ ነው። ከታወቁት ታሪኮች አንዱ ደብልዩ ደብልዩ ጄኮብስ በ1902 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «የጦጣው መዳፍ» ነው። አንድ አባት ሦስት ምኞት ይፈጽማል በተባለ የደረቀ መዳፍ 200 ፓውንድ ተመኘ። ገንዘቡም መጣ፤ ነገር ግን በፋብሪካ መኪና ተይዞ ለሞተው ልጁ ካሣ ሆኖ ነበር። እናት በኀዘን ብዛት ሙቱ እንዲመለስ ባሏን አስመኘችው፤ በሌሊትም በሩ ተንኳኳ። እርስዋ ልትከፍት ስትጣደፍ አባት በሦስተኛው ምኞት ድምፁን ጸጥ አሰኘው፤ ያንኳኳውን ማንም አላየም።

ውድ አንባብያን፣ እንግዲህ አድማጩን የሚያስደነግጠው ያልታየው መንፈስ ሳይሆን፣ ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ሳይጠይቅ የሚመኝ የገዛ ልቡ ነው። ከትረካው በኋላ ምኞቱን የመረመረ ሰው ፍርሃቱ ከንቱ አይሆንበትም።