ከመጀመሪያዋ ፍላጻ በፊት

በ1834 ዓ.ም. ራስ ዓሊና ደጃዝማች ውቤ ደብረ ታቦር ላይ ተጋጠሙ። በጠመንጃ ብዛት የሚበልጡት የስሜኑ ውቤ ነበሩ፤ በዕለቱ ድል አደረጉ፣ ራስ ዓሊም ሸሹ። የውቤ ሰፈር ግን ድሉን ሳያጣራ ወደ ግብሩና ወደ ፉከራው ገባ። የራስ ዓሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ በዚያው ሰዓት ድንገት ደረሱ፤ አሸናፊው በድላቸው ድግስ ላይ ተማረኩ።

በደጋው ሰው ልማድ ጦርና አደን ተራርቀው አያውቁም። ግዳይ የጣለ ይፎክራል፣ ይሸለማል፣ ስሙ በዘፈን ይነሣል። ስለዚህ የአደን ወራት ሲቃረብ ወጣቱ የሚይዘው ዕቅድ አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር የተነገረ ነው፦ ዘንድሮ ይህን ያህል እጥላለሁ። ታላላቆች ለታናናሾቻቸው በግልጽ ሊነግሩት የሚገባው ይህ ቁጥር መጥፎ ዕቅድ መሆኑን ነው። እንስሳው በየት እንደሚያልፍ፣ ነፋሱ መቼ እንደሚዞር፣ ዝናቡ መቼ እንደሚያባራ አዳኙ አያዝም። ወራቱ ሊዘጋ ሲል ቁጥሩ ካልሞላ ደግሞ በደህናው ጊዜ የማያደርገውን ያደርጋል፤ ከሩቅ ይወረውራል፣ ዓይን ሊይዝ ሲል ይወረውራል፣ ግልገል በምታስከትል እናት ላይ ይወረውራል። በራሱ እጅ ያለውን ነገር ዕቅድ ያደረገ ሰው ግን ምንም ሳይጥል ቢመለስ እንኳ ወራቱ አይባክንበትም።

ደብረ ታቦር፣ ፋርጣ ወይም ላይ ጋይንት ተቀምጦ ይህን የሚያነብ ወጣት ሕጉን አስቀድሞ ይወቅ። በኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ተከልክሏል። ሚዳቋን በውሻ ማባረር የአባት ልማድ ስለሆነ ብቻ የተፈቀደ አይሆንም። በቀስት ለማደን የሚያስበው ይልቁንም አሜሪካ ያለው ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ ነው። በብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች የቀስት አደን ከጠመንጃው ቀድሞ፣ እኛ አዲስ ዓመት ባከበርን ማግሥት በመስከረምና በጥቅምት ይከፈታል፤ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ለጀማሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአዳኞች ትምህርት መውሰድን ይጠይቃል። ምክሩ ለሁለቱም ነው፤ አንዱ በፍላጻ፣ ሌላው ምንም ሳይገድል በዓይኑ ብቻ ያድናልና።

ቀስተኛው ዕቅዱን ከመጀመሪያዋ ፍላጻ ይጀምር። ኢላማ ሜዳ ላይ ሠላሳ ጊዜ የወረወረ ሰው ሠላሳኛዋ መሐል ስትገባ ደስ ይለዋል፤ ክንዱ ሞቋል፣ ርቀቱን ለምዶታል። ጫካ ውስጥ ግን ሠላሳኛ ፍላጻ የለችም። አንዲት ናት ያለችው፤ እሷንም የሚስባት በብርድ ለሰዓታት ተቀምጦ የደነዘዘ ክንድ ነው። ስለዚህ ወራቱ ከመከፈቱ ሁለትና ሦስት ወር አስቀድሞ በየጠዋቱ፣ ሰውነቱን ሳያሟሙቅ፣ አንዲት ፍላጻ ብቻ ወርውሮ ያረፈችበትን ቦታ ይጻፍ። ከ10 ሜትር ይነሣ። ለሳምንታት ያረፉበት ቦታ ተደምሮ ከመዳፍ ካልሰፋ ወደ 15፣ ከዚያ ወደ 20 ሜትር ይራቅ፤ ከሰፋ ወደ ቀድሞው ርቀት ይመለስ። በዚህ ዓይነት ወራቱ ሲደርስ በእጁ የሚገኘው የራሱ ወሰን ነው፦ ከዚህ ርቀት በላይ አልወረውርም። እኔ ለጀማሪ የምመኝለት ዕቅድ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የቀረው ሁሉ እሱን ይከተላል።

ወሰኑ አጭር ሆኖ ቢገኝ የሚያፍርበት ምክንያት የለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1911 በካሊፎርኒያ ከተሸሸገበት ተራራ ብቻውን የወጣው ኢሺ ከያሂ ሕዝብ የመጨረሻው ሰው ነበር። ቀስቱንም ፍላጻውንም ራሱ ይሠራል፤ ዕድሜውን የኖረው በአደን ነው። ከእሱ ቀስት የተማረው ሐኪም ሳክስተን ፖፕ እንደጻፈው ኢሺ ለአደን የሚወረውረው ከ10 እስከ 50 ያርድ ባለው ርቀት ነበር፤ ከ9 እስከ 45 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ያ ሰው ጉልበቱን ያፈሰሰው ወደ እንስሳው በመጠጋት ላይ ነው።

መጠጋት ደግሞ ነፋስን ከማወቅ ይጀምራል። እዚህ ላይ የጉናን ተራራ እያየ ያደገ ልጅ ከሜዳ ልጅ ይቀድማል። ሌሊት የቀዘቀዘ አየር ስለሚከብድ ንጋት ላይ ሸለቆ ሸለቆውን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው አየሩ ይነሣና ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል፤ ወደ ማታ እንደገና ይገለበጣል። ጎህ ሲቀድ ከእንስሳው በላይ የቆመ ሰው ጠረኑን ራሱ ይልክበታል፤ ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ ከታች የሚመጣውም እንዲሁ። ስለዚህ ወጣቱ ለሚያዘወትራቸው ሁለት ሦስት ሸለቆዎች አየሩ የሚገለበጥበትን ሰዓት ለይቶ ማወቅን የወራቱ ዕቅድ ያድርገው። መሣሪያው ቀላል ነው፤ አንድ ቁንጥር አመድ ወደ አየር በትኖ የሚሄድበትን ማየት ይበቃል።

ከሁሉ የሚከብደው መተው ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን በአርሲና በባሌ በተከለሉ የአደን ቦታዎች በፈቃድ ይታደናል፤ ስንት እንደሚታደን አስቀድሞ በኮታ ይወሰናል፣ የሚፈለገውም ያረጀ ወንድ ነው። ለዚህ ገንዘብ ከፍሎ ከባሕር ማዶ የመጣ አዳኝ ወጣት ወንድ ፊቱ ቆሞ ሲያይ እጁን መሰብሰብ አለበት።

ይህ እጅ የመሰብሰብ ነገር ለአማራ ደጋ እንግዳ አይደለም። በመንዝ የጓሳ ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት የጋራ ሣሩን ሲጠብቅ ኖሯል። ቦታው በተከታታይ ለዓመታት ይዘጋል፤ የሚከፈተው የተመረጡት አባቶች ሲወስኑ ነው፤ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን ቦታውን ጨርሶ አልተወውም፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012ም ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። ዛሬም ቀይ ቀበሮ እዚያ ይራባል። ጉናም ቀይ ቀበሮ ነበረው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው፣ ርብንና ጉማራን ወደ ጣና የሚልከው ተራራችን እርሻውና ግጦሹ እያደር ወደ ላይ ሲወጣበት ጥቂቶቹ ቀበሮዎች ተነጥለው ቀሩ፤ በእኛ ዕድሜ ጠፉ። በዓለም ላይ የቀሩት ዐዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው። የደቡብ ጎንደር ወጣት ስለ አደን ዕቅዱ ሲያስብ ይህን ኪሳራ ከራሱ አገር ኪሳራ ቆጥሮ ይነሣ።

ፍላጻው ከተወረወረ በኋላ ያለውንም ጊዜ ማቀድ ያስፈልጋል። ፍላጻ ያገኘው እንስሳ ብዙ ጊዜ እዚያው አይወድቅም፤ ሮጦ ከዓይን ይሰወርና ጥቂት ርቆ ይተኛል። የሠለጠነ አዳኝ የቆመበትን አይለቅም፤ እንስሳው የተሰወረበትን ቁጥቋጦ በዓይኑ ይዞ ግማሽ ሰዓት፣ ምቱ ካጠራጠረው ለሰዓታት ይጠብቃል። ቸኩሎ የተከተለ እንደሆነ የተኛው ተነሥቶ ይርቃል፣ የደሙ ዱካ ይጠፋል፣ ለማንም ሳይሆን ቆስሎ ይሞታል። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ስልክ አውጥቶ ለጓደኛ መደወል፣ ግዳይ ጣልኩ ማለት የለም። የውቤ ሰፈር ያጣው ይህን ዓይነት ትዕግሥት ነው።

ደብረ ታቦር ላለው፣ በዓይኑ ለሚያድነው ወጣት ወራቱ ከመስቀል በኋላ ይከፈታል፤ ጭቃው ይጠነክራል፣ ሰማዩ ይጠራል። በወረታ መንገድ ያለው የዓለም ሳጋ ደን በእግርም በመኪናም ይደረሳል። ከኅዳር እስከ የካቲት በፎገራ ሜዳ፣ በወላላና በሸሸር ረግረጎች፣ የሰሜኑን ክረምት የሸሹ ግራጫ ክሬኖች በብዛት ይሰፍራሉ። ከእነዚህ አንዱን ቦታ ብቻ መርጦ ወራቱን ሙሉ መመላለስ ሁሉንም አንድ አንድ ጊዜ ከማየት ይበልጣል። ጀማሪው እንስሳው ሳይደነግጥ ምን ያህል መጠጋት እንደቻለ ይለካ፤ የጥር ወሩ ርቀት ከኅዳሩ ካጠረ ተምሯል ማለት ነው። የመንገዱን ሰላም ሳያጣራና የሚሄድበትን ለቤተሰቡ ሳይናገር ግን አይውጣ። ለገበሬው ሰላምታ ሰጥቶ ማሳው ዳር የመጣበትን ጉዳይ ይንገረው፤ ጭላዳና ሚዳቋ በየት እንደሚያልፉ ከማንም የተሻለ የሚያውቀው እሱ ነው።

አንድ ደብተርና እርሳስ ከቤት አይቀሩ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የቦታው ስም፣ የታየው እንስሳ ብዛት፣ ወንዱ፣ ሴቷና ግልገሉ፣ ይግጡ ወይም ይሸሹ እንደነበር፣ ነፋሱ ከየት እንደመጣ ይጻፋል። ምንም ያልታየበት ቀንም ቀኑና ሰዓቱ ተጠቅሶ ይጻፋል፤ አንድ እንስሳ ከአንድ ተራራ እየራቀ መሆኑ ቀድሞ የሚታወቀው ከእንደዚያ ዓይነት ባዶ ቀኖች መብዛት ነውና። ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይገባ ደብተሩን ገልብጦ አንዱን ቅጂ ለራሱ ያስቀር፤ ሌላውን በጉና ላይ ለሚያጠኑ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ መምህራን ይውሰድላቸው።