ምስሉ የደበዘዘ ብር



ፈታኞች ስለ ግብር በጠየቁት ጊዜ ጌታችን አንድ ዲናር አስመጥቶ፥ በላዩ ያለው ምስልና ጽሕፈት የማን እንደ ሆነ መልሶ ጠየቃቸው (ማቴ. 22፥15-22)። በዚያ ዘመን የሮም የብር ዲናር ላይ የጢባርዮስ ቄሣር ራስ ተቀርጾ ነበር፤ በዙሪያው ያለው ጽሕፈትም የመለኮታዊው አውግስጦስ ልጅ ይለዋል። ምስልና ጽሕፈት ታላቅ ነገር ይናገራሉ፤ ነገር ግን ሁልጊዜ እውነት ይናገራሉን?

ታሪኩን እንመልከት። ኔሮን በ64 እ.ኤ.አ. ከዲናሩ የብሩን መጠን ቀነሰ፤ ከእርሱ በኋላ የነገሡትም ይህንኑ ቀጠሉበት። በ270 ገደማ የሮም «ብር» ከመቶው 5 እጅ እንኳ ብር የሌለው መዳብ ሆኖ ነበር። የነገሥታቱ መልክና ማዕረግ ግን ከላዩ አልጎደለም።

በእኛ አገር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ታይቷል። ከደሴ በኮምቦልቻ በኩል ወርደን በምናገኘው በባቲ የሰኞ ገበያ፥ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ለብዙ ዘመን መገበያያ ነበር። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ብትሞትም ብሩ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ መመታቱ አልቀረም፤ ከ1000 እጅ 833ቱም ንጹሕ ብር ነው። ሆኖም ምስሉ የፈዘዘ ጠገራ ሲመጣ ነጋዴው አልቀበልም ይል ነበር። የተፋቀ ብር ሚዛኑ ሊጎድል ስለሚችል ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። አንጥረኛው ግን ያንኑ የፈዘዘ ጠገራ መዝኖ፥ አቅልጦ መስቀል ይሠራበታል። እርሱ የሚፈልገው መልኩን ሳይሆን ብሩን ነውና።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ሰው በድህነት፥ በደዌ፥ በእስራት ወይም በመጠጥ መልኩ ቢደበዝዝ ዋጋው ይቀንሳልን? በገበያ ሕግ አዎን፤ በወንጌል ሕግ ግን አይደለም። የአምላክ አርአያ በሰው ላይ እንደ ማኅተም ከላይ የተመታ ሳይሆን፥ እንደ ብሩ ከውስጥ ያለ ነውና በመፋቅ አይጠፋም። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጠውን ነዳይ ንቆ የሚያልፍ ሰው የሚመዝነው በነጋዴው ዓይን ነው።

እኛ ወጣቶችም ነጠላችን ስለ ነጣ፥ ማዕተባችን ስለ ታየ ብቻ አንመካ። የኋለኛው የሮም ገንዘብም ከላዩ ያብለጨልጭ ነበር። ዲናሩ ወደ ቄሣር ይመለስ፤ ሰው ግን የደበዘዘውም ቢሆን የእግዚአብሔር ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።