የተዋሱት መሣሪያና የአገር ቅኝት

ሰው ከሌላ ሕዝብ ጥበብን ሲወስድ የራሱን ያበለጽጋልን ወይስ ያጠፋዋል? ይህ ጥያቄ በሙዚቃ ላይ ሲነሣ ከሌላው ጉዳይ ይልቅ ይከብዳል። የመሣሪያው ባዕድነት ለዓይን ይታያል፤ የዜማው መለወጥ ግን የሚታወቀው ለጆሮ ብቻ ነው። ብዙዎች ዓይናቸውን አምነው ይፈርዳሉ፤ እኛ ግን ፍርዱ ለጆሮ ቢተው ይሻላል እንላለን።

በ1936 ዓ.ም. በጅማ የተወለዱት አቶ ሙላቱ አስታጥቄ በብሪታንያ ከተማሩ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በቦስተን በበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ጃዝንና ቫይብራፎንን አጠኑ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 በኒው ዮርክ የላቲንን ምት የተከተሉ ሸክላዎችን፣ በ1972 ደግሞ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተባለውን አስቀረጹ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ከጃዝ ጋር የተገናኙበት ይህ ስልት ኢትዮ ጃዝ ተባለ።

እንግዲህ ችግሩን ከመሣሪያው አሠራር እንመልከት። ቫይብራፎን በተርታ የተደረደሩ የብረት ሰሌዳዎች አሉት፤ ድምፃቸው በፋብሪካ ተወስኖ የመጣ ስለ ሆነ ተጫዋቹ ሊቃኛቸው አይችልም። መሰንቆ ግን አንድ የፈረስ ጭራ ጅማት ብቻ ይዞ ከድምፅ ወደ ድምፅ ይንሸራተታል፤ ትዝታን ትዝታ የሚያደርገውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው መንሸራተት ነው። አንዳንድ የቫይብራፎን ተጫዋቾች ሰሌዳው በታሰረበት ቦታ ላይ ጠንካራ መምቻ ተጭነው ወደ መካከል እየጎተቱ ድምፁን ጥቂት ዝቅ ያደርጉታል። ብልሃቱ ቢደነቅም የመሰንቆን ለቅሶ አይተካም። ስለዚህ አስተዋይ ተጫዋች መሰንቆን ለመምሰል አይደክምም፤ ጥቂት ድምፆችን መትቶ በፔዳሉ ያቆያቸዋል፣ ዝምታውንም እንዲሠራ ይተወዋል።

ድምፁ የተወሰነ መሣሪያ ለእኛ እንግዳ ነው የሚል ካለ ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም ገጠር፣ ወደ ዳሞት ምድር ይመልከት። ዋሽንትም ቀዳዳው አንድ ጊዜ ከተበሳ በኋላ አይቃኝም። ስለዚህ የሠለጠነ ዋሽንት ነፊ ልዩ ልዩ ዋሽንቶችን ይዞ እንደ ዜማው ይለዋውጣል። መሣሪያው እንዲታዘዘው አያስገድደውም፤ ለቅኝቱ የሚስማማውን ይመርጣል እንጂ። በዚሁ በጎጃም የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ከሰማ በኋላ የራሱን አዲስ ቅኔ ይዞ መቅረብ አለበት፤ ነገር ግን ግሱን ሳይጠነቅቅ አዲስ ነገር አመጣሁ ቢል ማንም አይሰማውም።

ከመሣሪያው ይልቅ የሚያሠጋን ሌላ ነገር አለ። የጃዝ ተማሪ አሥራ ሁለቱን ድምፆች አጣምሮ ዜማን በኅብረ ድምፅ መሸፈን ይማራል። በዚህ ልማድ አምስት ድምፆች ብቻ ባሉት አንቺሆዬ ሥር ያልተጠሩ ድምፆች ቢሞሉበት፣ ዜማው ሳይነካ ቅኝቱ ይጠፋል፤ አድማጭም ምን እንደ ጎደለው ለመናገር ይቸግረዋል። ይህን ለመጠንቀቅ በሁለቱም ቤት መማር ግድ ይሆናል፤ የጃዙን በትምህርት ቤት፣ የቅኝቱን ከአዝማሪው እግር ሥር።

አዝማሪውን ካነሣን ዘንድ ዕዳውንም እናንሣ። አገራችን አዝማሪን በድግስ ትፈልገዋለች፣ በማግሥቱም ትንቀው ኖራለች። ከርሱ የተማረው ሰው በአዳራሽ ሲጨበጨብለት የአስተማሪው ስም አይሰማም። ቅኝት የሕዝብ ሀብት ነውና ለማንም አይከፈልበትም የሚሉ አሉ፤ ስለ ቅኝቱ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ መሰንቆ መቺ በዕድሜው ሙሉ ያበጀው የዜማ አጣጣል ቅኝት አይደለም፤ የርሱ የእጅ ሥራ ነው። ያን ወስዶ በብረት ሰሌዳ ላይ ያሰማ ተጫዋች ከገንዘቡ ድርሻውን ሊሰጠው፣ በሸክላውም ሽፋን ላይ ስሙን ከነመንደሩ ሊጽፍለት ይገባል።