እንደ ወንዙ ይሻገሩ፣ ግን የትኛውን ወንዝ?

«እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» ከአገር ለሚወጣ ሰው ከስንቁ ጋር የሚቋጠር ምክር ነው። ቪዛ የተመታለት ወጣት ሊሰናበት ሲመጣ ከምርቃቱ ቀጥሎ ይነገረዋል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ግማሹን መሆኑ ነው። «እንደ አገሩ ይኖሩ» ላይ ደርሰን እንቆማለን፤ ትርጓሜውም የሚበሉትን ብላ፣ የሚሉትን በል፣ አንገትህን ደፋ አድርገህ ኑር ወደሚል ይወርዳል። ሁለተኛው ሐረግ ቤት ለመምታት ብቻ የገባ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እኔ ደግሞ የምክሩ ፍሬ ያለው እዚያው ሁለተኛው ሐረግ ውስጥ ነው ባይ ነኝ።

የመጀመሪያው ሐረግ ስለ ጠባይ ነው፤ የትም ብትሄድ ጠባይህን አሳምር ይላል። ሁለተኛው ግን የጠባይ ነገር አይደለም። ወንዝ ጨዋና ባለጌ አይለይም። በጋ ላይ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ የተሻገረውን ሰው በነሐሴ እዚያው ቦታ ላይ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ሊሻገር የመጣ ሰው መልካው የት እንደሆነ ይጠይቃል፣ የውሃውን ቀለም ያያል፣ በበትሩ ጥልቀቱን ይሞክራል፤ አንዳንዴም «ዛሬስ አልሻገርም» ብሎ ከወንዙ ወዲህ ያድራል። በዚህ ዓይን ከታየ ምሳሌው ከመልመድ በፊት የሚሠራ ሌላ ሥራ ያዝዛል፤ እሱም መምረጥ ነው።

ይህን ለመፈተን ከእንግሊዝኛ መምህር የተሻለ ሰው የለም። ሌላው ስደተኛ አገሩን በመሰለ ቁጥር ይጠቀማል። እንግሊዝኛ ለማስተማር የሄደ ሰው ግን የሚከፈለው አገሬው ለሌለው ነገር ነው። በምግቡ፣ በአለባበሱና በሰላምታው አገሩን ቢመስል ይመሰገናል፤ ክፍል ውስጥ በቋንቋው አገሩን ከመሰለ ግን የተቀጠረበትን ነገር ጣለው ማለት ነው። ምሳሌው እንግዲህ ለዚህ ሰው ግማሽ እውነት ይዞ ነው የሚመጣው።

ለአሜሪካዊና ለእንግሊዛዊ መምህር ከተማ መምረጥ እንደ ገበያ ነው። ሴኡል ያለው ተቋም ቤት ይሰጣል፣ ዱባይ ደመወዝ ላይ ግብር የለም፣ ፕራግ ክፍያው አነስ ቢልም ከተማው ያምራል እያለ ያማርጣል። ለእኛ ሰው ካርታው እንዲህ ተዘርግቶ አይጠብቀውም። ደቡብ ኮሪያ ለቋንቋ መምህራን የምትሰጠው ኢ-2 የሚባለው ቪዛ ለእንግሊዝኛ ሲሆን በዋናነት የ7 አገሮች ዜጎችን የሚመለከት ነው፤ የአሜሪካን፣ የብሪታንያን፣ የካናዳን፣ የአየርላንድን፣ የአውስትራሊያን፣ የኒውዚላንድንና የደቡብ አፍሪካን። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ ለዓመታት ያስተማረ ኢትዮጵያዊ በር ላይ የሚጠየቀው ስለ ችሎታው ሳይሆን ስለ ፓስፖርቱ ነው። አገር ቤትስ ቢሆን መምህር ከተማ የመረጠው መቼ ነው? ዕጣ ነው ያወጣው። የደረሰው ወረዳ ቆላ ከሆነ የበረሃ አበል ይታሰብለታል፤ ዘመድ ያለው ደግሞ ዝውውር ያፈላልጋል። እንዲህ ሆኖ ያደገ ሙያ አንድ ቀን «ምረጥ» ሲባል ቢደናገር አይፈረድበትም።

እናም ዕድሉ ወደ ጎረቤት ያዞረዋል። ከጎረቤቶቻችን መካከል ደግሞ እንግሊዝኛን የሙጥኝ ካሉት አንዷ ደቡብ ሱዳን ናት።

ዋና ከተማዋን ጁባን ለቅቆ ነጭ አባይን ወደ ደቡብ ሽቅብ የተከተለ ሰው ብዙ ሳይርቅ ከወንዙ በስተምዕራብ ረጃፍን ያገኛታል። ሜዳው ላይ ለብቻው የቆመ ሾጣጣ ተራራ አላት። ከእሷ በላይ ወንዙ በድንጋይ ላይ የሚፎክር ስለሆነ ከካርቱም የሚመጣው የእንፋሎት መርከብ ጉዞውን የሚጨርሰው እዚህ ነበር። ረጃፍ በካርታ ላይ ስም ያገኘችው ሰው አማርጦ ስለወደዳት አይደለም፤ ወንዙ ከዚህ በላይ አላሳልፍም ስላለ ነው። መተማ ላይ አፄ ዮሐንስን ያጣንባቸው ድርቡሾች፣ ከዚያ ስምንት ዓመት ገደማ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1897 እዚህ ነው በሻልቲን የሚመራው የቤልጅየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ የኮንጎ ጦር የመታቸው። ከዚያ በኋላ አካባቢው የላዶ ግዛት እየተባለ በሊዮፖልድ እጅ ቆይቶ፣ ንጉሡ በ1909 ሲሞት በማግስቱ ዓመት ለሱዳን ተመለሰ።

ለመምህራችን የሚጠቅመው ታሪክ ግን ከዚህ ወዲህ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1928 የሱዳን መንግሥት ሹማምንትና ትምህርት ቤቶቹን ይዘው የነበሩት ሚሲዮናውያን፣ ከዩጋንዳና ከቤልጅየም ኮንጎ የመጡትን ጨምረው ረጃፍ ላይ ተሰበሰቡ። ዌስተርማን የሚባለው ጀርመናዊ የቋንቋ ሊቅም ነበረበት። አጀንዳው የደቡቡ ልጅ በየትኛው ቋንቋ ይማር የሚል ነው። ከብዙዎቹ ቋንቋዎች 9ኙን መረጡ፤ ባሪ፣ ዲንቃ፣ ኑዌር፣ ሽሉክ፣ ዛንዴ፣ ሎቱኮ፣ ሞሩ፣ ንዶጎና ክሬሽ። በላቲን ፊደል እንዲጻፉና የታችኛው ክፍል ትምህርት በእነሱ እንዲሆን፣ ከፍ ሲል ደግሞ እንግሊዝኛ እንዲከተል ተወሰነ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 1930፣ የደቡብ ፖሊሲ የሚባለው መጣና ዓረብኛን ከደቡቡ ማራቅ የመንግሥት ዓላማ ሆነ። ሱዳን ነፃ ስትወጣ ነገሩ ተገለበጠ፤ በ1957 የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ተወረሱ፣ ዓረብኛም በመንግሥት ትእዛዝ መጣ። በ1972 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ስምምነት ለደቡቡ ክልል እንግሊዝኛን ዋና የሥራ ቋንቋ አደረገለት፤ በ2011 ነፃነት ሲመጣም አዲሲቱ አገር እንግሊዝኛን የመንግሥት ቋንቋ ብላ በሕገ መንግሥቷ ጻፈች። ለእኛ ተማሪ እንግሊዝኛ ማለት ቢዘገይ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ የሚመጣ መከራ ነው። ለጁባ ሰው ግን ካርቱምን እምቢ ያለበት ቋንቋ ነው። ይህን ሳያውቅ ጠመኔ የሚያነሣ መምህር ወንዙን ሳያይ የገባ ሰው ነው።

ታዲያ እረፍት ሲደወልና ልጆቹ ወደ ሜዳ ሲወጡ ያ ሁሉ ውሳኔ የት እንደገባ ያስገርማል። «ኢታ ኩዌስ?» ይባባላሉ፤ ደህና ነህ ወይ ማለታቸው ነው። «ማፊ ሙሽኪላ» ይላል ሌላው፣ ምንም ችግር የለም። ይህ የጁባ ዓረብኛ ነው፤ ዲንቃውንና ባሪውን፣ ኮኞ ኮኞ ገበያ ያለችውን ቲማቲም ሻጭና የቦዳ ቦዳ ሞተር ነጂውን የሚያገናኘው እሱ ነው። ማንም ስብሰባ ተቀምጦ አልመረጠውም፤ ሊያርቁት የተሰበሰቡት ናቸው የሄዱት።

እንግዲህ ምሳሌውን የሚያከብር መምህር ይህን ቋንቋ መማር አለበት፤ መማሩም ያምርበታል። አትክልት በአገሬው ዋጋ ይገዛል፣ ጎረቤት ያፈራል። ቀጥሎ የሚመጣው ግን አደገኛ ነው። ሰዋስው ሲያስረዳ ልጆቹ ሲያፈጡበት አንዲት ቃል በጁባ ዓረብኛ ጣል ያደርጋል፤ ፊታቸው ሲበራ ሁለተኛ ይጨምራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ትምህርቱ እንግሊዝኛ የሚባል በጁባ ዓረብኛ የሚሰጥ ትምህርት ሆኖ ያርፋል። ልጆቹ ይወዱታል። በዶላር የሚከፍሉት ወላጆች ግን አይወዱትም። መምህሩ የተማረከው ምሳሌው ራሱ እንዳዘዘው አገሩን ስለመሰለ ነው።

ለአበሻ ደግሞ ተቃራኒው ወጥመድ ይበልጥ ቅርብ ነው፤ ጁባ እየኖሩ አዲስ አበባ መኖር። እ.ኤ.አ. ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ የእርዳታ ድርጅቱና የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኛ ሲጎርፍ፣ ወንዝ ዳር የተተከለ ድንኳን በአንድ ሌሊት ከ100 ዶላር በላይ የሚከራይበት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ከገቡት ብዙዎቹ የእኛና የኤርትራ ልጆች ናቸው። ሆቴሉን ከፈቱ፣ ምግብ ቤቱን አቋቋሙ፣ ቧንቧ ለማይደርሰው ሰፈር ከአባይ ውሃ ቀድተው በቦቴ የሚያመላልሱትም አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ነበሩ። ከጧት ጀምሮ ወንዙ ዳር ቦቴዎቹ ተሰልፈው፣ ፓምፑ እየጮኸ፣ ረዳቱ ጣሪያው ላይ ቆሞ «በቃ፣ በቃ!» ሲል በአማርኛ ወይም በትግርኛ ነው። መምህሩ ከእነሱ ጋር ቢከራይ ሽሮው፣ ቡናውና ወሬው አይጎድልበትም። እንዲያውም ኢትዮጵያ ውስጥ ኢታንግ መጠለያ ያደገ ወይም በደርግ ዘመን እዚሁ አገራችን የሰለጠነ ደቡብ ሱዳናዊ አግኝቶት «አበሻ ነህ እንዴ?» በሚል አማርኛ ሊቀበለው ይችላል። ይህ ሁሉ ደስ ይላል፤ ዓመቱ ሙሉ የተማሪዎቹን ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ ሊያልቅ መቻሉን ካልቆጠርነው።

እስካሁን ምሳሌው ተንገዳግዷል እንጂ አልወደቀም። በጣም የሚከብደው ፈተና ሌላ ነው። እንደ አገሩ ኑር ሲባል አገሩ አንድ መሆኑ ታስቦ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 ጁባ ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ሰዎች በብሔራቸው እየተለዩ ተገደሉ፤ የአፍሪካ ኅብረት ያቋቋመው መርማሪ ኮሚሽንም ይህንኑ አረጋግጧል። ያን ሳምንት «እንደ አገሩ» ማለት እንደ ማን ማለት ነው? መልስ የለውም። ሁለተኛው ሐረግ ግን መልስ አለው፤ ወንዙ ሞልቷል፣ ከውሃው ውጣ። በጁላይ 2016 ከተማዋ እንደገና ስትታመስ የዩጋንዳ ጦር በኒሙሌ መንገድ ገብቶ ዜጎቹን በመኪና አጅቦ አወጣ። ከጁባ እስከ ኒሙሌ ድንበር 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው። ለዩጋንዳዊ መምህር ጁባ ከቤቱ የአንድ ቀን መንገድ ናት። ለኢትዮጵያዊ መምህር ግን ጁባ የአየር ማረፊያ ናት፤ አውሮፕላኑ ከቆመ ቆሟል። ከተማ ሲመረጥ ስለ ደመወዝ፣ ስለ አየር ንብረትና ስለ ጎረቤት እናወራለን፤ መውጫውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ወረቀትም እንደ ወንዝ ይሞላል፣ ይጎድላል። በሴፕቴምበር 2014 የደቡብ ሱዳን የሥራ ሚኒስቴር ሆቴሎችን፣ ባንኮችንና የእርዳታ ድርጅቶችን ጨምሮ ሁሉም ቀጣሪ በአንድ ወር ውስጥ የውጭ ሠራተኛውን በአገር ልጅ ይተካ የሚል ደብዳቤ በተነ፤ ጩኸቱ ሲበዛ ትርጉሙ ሌላ ነው ተብሎ ለዘበ። በ2017 ደግሞ ለባለሙያ የውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ 10,000 ዶላር ይሁን ተባለና እሱም ተነሣ። ብሩም እንደዚያው ነው፤ እስከ 2015 መጨረሻ አንድ ዶላር በይፋ ወደ 3 ፓውንድ ነበር፣ ዛሬ የሚቆጠረው በሺዎች ነው። ደመወዙን በፓውንድ የተዋዋለ መምህር ውሉ ሳይፈርስ ደመወዙ ሲፈርስ አይቷል።

የ2014ቱ ደብዳቤ ሰው የተናደደበትን ያህል ስህተት ነበር ለማለት ይቸግረኛል። እኛም «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንላለን። ካኩማ ወይም ሰሜን ዩጋንዳ ባሉ የስደተኛ መጠለያዎች በእንግሊዝኛ ተምሮ የተመለሰው ወጣት፣ ልጁ የት ጋ እንደሚሰናከል ከማንም በላይ ያውቃል፤ የጁባ ዓረብኛውም፣ ባሪውም፣ እንግሊዝኛውም አለው። እንግዳው መምህር የሚበልጠው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተማሪው በጁባ ዓረብኛ ሲጠይቀው እውነትም ስለማይገባው በእንግሊዝኛ ድገም ለማለት ይገደዳል። በእኔ ዓይን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ያኛውን የሚተካ ግን አይመስለኝም።

ስለዚህ አንድ ሰው ጁባ ላይ ሥራ አግኝቼ ልሂድ ወይ ቢለኝ ሂድ እለዋለሁ፤ ግን ክፍያው በዶላር፣ የሥራ ፈቃዱም በትምህርት ቤቱ ወጪ መሆኑን ውሉ ላይ ያስጽፍ፣ የመመለሻ ቲኬቱን ዋጋ ከመጀመሪያው ደመወዝ ላይ ለይቶ ያስቀምጥ። ቤቱን ከትምህርት ቤቱ በእግር በሚደረስበት ቦታ ይያዝ፤ አበሻው ሰፈር ቅዳሜ ቅዳሜ ይበቃዋል። ረጃፍ ልግባ፣ ከሰዉ ጋር ልኑር ካለ ግን በመጀመሪያው ዓመት አልመክረውም። በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምረው የአገሬው ባልደረባው ደመወዝ ለወራት እየዘገየ፣ በ2017 የአውሮፓ ኅብረት በወር 40 ዶላር ማበረታቻ መስጠት ሲጀምርለት እንደ ትልቅ ነገር የታየበት አገር ነው። እዚያ መሐል በዶላር የሚከፈለው እንግዳ ሆኖ መኖር ምን ዓይነት መልመድ እንደሆነ አላውቅም። ረጃፍ የሚያስፈልጋት ያ ከመጠለያ የተመለሰው የባሪ ልጅ ነው። እሱ ደግሞ እንግሊዝኛው ጥሩ ስለሆነ፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት አስተርጓሚ ወይም የመስክ ሠራተኛ አድርጎ የሚቀጥረው ቀን ረጃፍን ትቶ ጁባ ይገባል።